ፒኤችዲ ስትጀምሩ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት ትይዙታላችሁ?

በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኋላ ስትቀሩ የሚያሳብቅባችሁ ነገር ነበረ። ፈተና ይመጣል፣ ውጤት ይለጠፋል፣ አሳይመንት ያላስገባ ሰው ስሙ ይጠራል። ዶክትሬት ላይ ይህ ሁሉ ወይ የለም ወይ በጣም ይሳሳል። አራት ወር አንድ ቦታ ላይ ብትቆሙ ማንም ልብ ላይል ይችላል። አማካሪያችሁ እያነበባችሁ ይመስላቸዋል፤ ቤተሰብ እየተማራችሁ ይመስለዋል፤ ለእናንተም ለራሳችሁ እንደዚያው ይመስላችኋል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ግማሽ ያሳለፍኩት እንዲህ ነው። ሰንፌ አልነበረም፤ ከጠዋት እስከ ማታ አነብ ነበር። በስድስተኛው ወር «እስካሁን የሠራኸውን እስቲ አሳየኝ» ስባል ግን የማሳየው አንድ ገጽ አልነበረኝም።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ሁሉም የሚሠሩት ለአንድ ነገር ነው፦ ስትቆሙ ቶሎ እንዲታወቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ደረጃ 1፦ ደንቡን በአንድ ገጽ ጻፉ (የመጀመሪያው ሳምንት)

ፒኤችዲ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ አብዛኛው ፕሮግራም አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት በኮርስ ያልፍና የብቃት ፈተና ይከተላል። በእንግሊዝ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው፤ ተማሪው ብዙ ኮርስ ሳይወስድ ወደ ምርምሩ ይገባል፣ በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ አካባቢም በፒኤችዲ ይቀጥል እንደሆነ ይገመገማል። በስዊድን ደግሞ የሙሉ ጊዜ አራት ዓመት ሲሆን ብዙዎቹ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲው ደመወዝተኛ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ሥራቸውን የሚከላከሉትም ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ነው። ይህን የማነሳው ሌላ አገር ያለ ጓደኛ የሚሰጣችሁ ምክር ለእሱ ልክ ሆኖ ለእናንተ ገደል ሊሆን ስለሚችል ነው። «አትቸኩል፣ ሁለት ዓመት ዝም ብለህ አንብብ» የሚለው የስድስት ዓመት ፕሮግራም ምክር ነው። በሦስት ዓመት ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ የሚከተለው ሰው ጊዜው አልቆበት ይነቃል።

ስለዚህ የፕሮግራማችሁን ደንብ ፈልጋችሁ አንብቡና የሚከተሉትን በራሳችሁ አማርኛ፣ በአንድ ገጽ ብቻ ጻፉ። ገንዘቡ እስከ መቼ ነው፣ ሲያልቅስ ምን ይሆናል? ስንት ኮርስ፣ ስንት ክሬዲት? የመጀመሪያው ግምገማ መቼ ነው፣ የሚወድቅ ሰውስ ሁለተኛ ዕድል አለው? ፕሮፖዛል መቼ ይቀርባል? መመረቂያው አንድ ወጥ ድርሳን ነው ወይስ የታተሙ ጽሑፎች ስብስብ? ስብስብ ከሆነ ስንት ናቸው፣ ታትመው ማለቅ አለባቸው ወይስ ተልከው ቢሆን ይበቃል? በሕመም ወይም በወሊድ ምክንያት ትምህርት ማቋረጥ እንዴት ነው? ከአማካሪዬ ጋር ባልግባባ የምሄደው ወደ ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ዛሬ ጠይቁት፤ ጠብ ሳይኖር ሲጠየቅ ተራ ጥያቄ ነው፣ ጠብ ከመጣ በኋላ ሲጠየቅ ግን ክስ ይመስላል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቅጹ ላይ የሚፈርሙት ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ቅጹ የት እንደሚገባና መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቁት ግን የትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ስማቸውን እወቁ። እኔን ከሁለት ትልልቅ ስህተቶች ያዳኑኝ እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ከአማካሪያችሁ ጋር አሠራራችሁን ተነጋገሩ (ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት)

አዲስ ተማሪ ለመጀመሪያው ስብሰባ የሚዘጋጀው ብልህ መስሎ ለመታየት ነው። አያስፈልግም፤ ተቀብለዋችኋል፣ ያ ክርክር አልቋል። የመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ምርምሩ ከሚሆን ይልቅ ስለ አሠራራችሁ ቢሆን ይሻላል። በየስንት ጊዜው እንገናኝ? ረቂቅ ስልክልዎ ያልተስተካከለውንም ያነባሉ ወይስ ተስተካክሎ እንዲመጣ ነው የሚፈልጉት? አስተያየት ለመስጠት በአብዛኛው ስንት ቀን ይፈጅብዎታል? አጣዳፊ ነገር ሲኖር በኢሜይል ልጠይቅ ወይስ ቢሮ ልምጣ? በሚቀጥሉት ዓመታት ለረጅም ጊዜ የሚርቁበት ወቅት አለ? ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ የሚቀረው አንድ ሴሚስተር ነው።

ከዚያ የእሳቸው ነባር ተማሪዎች ጋር ሂዱ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። የመጀመሪያው፦ ረቂቅ ስትልኩ ስንት ጊዜ ትጠብቃላችሁ? ሁለተኛው፦ ውጤት አልሠራ ሲል፣ ሙከራ ሲከሽፍ፣ ምን ይሏችኋል? ለሁለተኛው የሚሰጣችሁ መልስ ስለ ቀጣዮቹ ዓመታት ብዙ ይነግራችኋል። በተለይ መልሱ ዝምታ ከሆነ።

ስብሰባው የሚሠራበትን ዘዴ ደግሞ ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምራችሁ ልማድ አድርጉት። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ግማሽ ገጽ ላኩ፤ ሦስት ነገር ብቻ ይኑርበት፦ ምን ሠራሁ፣ የት ቆምኩ፣ የትኛው ውሳኔ ያስፈልገኛል። «ምን ላድርግ?» ብሎ መግባትና «ሁለት መንገድ አለ፤ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ምክንያቴም ይኸውና» ብሎ መግባት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። የመጀመሪያው አማካሪውን ከባዶ እንዲያስቡ ያስገድዳቸዋል፤ ሁለተኛው ሐሳባችሁን እንዲያርሙ ይጋብዛቸዋል። ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ማረም ይቀለዋል።

ከስብሰባው በኋላ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ላኩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም ፕሮፌሰር፤ ዛሬ የተስማማንበትን እንዲህ ይዣለሁ። አንደኛ፣ ጥናቱ የሚሸፍነውን ጊዜ ከአሥር ዓመት ወደ ሦስት ዓመት እናጠባለን። ሁለተኛ፣ እኔ እስከ ወሩ አጋማሽ የመረጃ ምንጮቹን ዝርዝር እልክልዎታለሁ። ሦስተኛ፣ እርስዎ የቃለ መጠይቁን ቅጽ አይተው አስተያየት ይሰጡኛል። የምንገናኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብዙ ትሠራለች። አማካሪ አምስት ስድስት ተማሪ ይኖራቸዋል፤ ባለፈው ወር ለእናንተ ያሉትን ሊረሱት ይችላሉ፣ ክፋት የለበትም። አንድ ጊዜ «ይህን ክፍል ማን ጨምር አለህ?» ስባል መልሴ ከሦስት ወር በፊት የተላከ ኢሜይል ነበር። ሳቅን፣ ወደ ሥራችን ተመለስን። ኢሜይሉ ባይኖር ያ ቀን እንዴት ያልፍ እንደነበር አላውቅም።

ደረጃ 3፦ ለማንበብ ሥርዓት አብጁ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት)

ብዙ ሰው የሚሰምጠው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

መነሻችሁ ሁለት ነገር ይሁን፦ በመስኩ በቅርብ የወጣ አንድ ጥሩ የቅኝት ጽሑፍ (የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም) እና በትምህርት ክፍላችሁ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ያለፈ አንድ ዲሰርቴሽን፣ ማለትም የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ። ቅኝቱ ካርታ ነው። ዲሰርቴሽኑን የምታነቡት ደግሞ ለይዘቱ ሳይሆን ለመጠኑና ለቅርጹ ነው፤ ስንት ምዕራፍ፣ ስንት ገጽ፣ ጥያቄው የቱን ያህል ጠባብ። አብዛኛው ሰው ሲያየው «ይኸው ነው እንዴ?» ይላል። አዎ፣ ይኸው ነው። ይህን ማወቅ ብዙ ጭንቀት ያቀላል።

ከካርታው ተነስታችሁ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሂዱ። ወደ ኋላ ማለት የጽሑፉን ማጣቀሻዎች መከተል ነው። ወደ ፊት ማለት ያንን ጽሑፍ ከታተመ በኋላ እነማን እንደጠቀሱት ማየት ነው፤ ጎግል ስኮላር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የጠቀሱትን ይዘረዝራል። የት እንደፈለጋችሁ፣ በምን ቃል እንደፈለጋችሁ፣ ስንት ውጤት እንደመጣና ቀኑን በአንድ ሰንጠረዥ መዝግቡ። ኋላ ላይ ስልታዊ ቅኝት (ጥናቶቹ በተወሰነ ሥርዓት ተፈልገው የሚጻፍ ቅኝት) ለመጻፍ ብትወስኑ ፕሪስማ 2020 የሚባለው መመሪያ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሪፖርት እንድታደርጉ ይጠይቃል፤ ያልመዘገበ ሰው ፍለጋውን እንደገና ይጀምራል።

ጽሑፉን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አታንብቡ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፦ ርዕስ፣ አኅጽሮተ ጥናት፣ ንዑሳን ርዕሶች፣ ሥዕሎችና ሰንጠረዦች፣ መደምደሚያ። ከአሥሩ ሰባቱ እዚያው ይቀራሉ፣ መቅረትም አለባቸው። የሚያልፉትን አንድ ሰዓት ስጧቸው። ለጥያቄያችሁ እምብርት የሆኑትን ጥቂቶች ደግሞ ብዕር ይዛችሁ፣ ግማሽ ቀን ሰጥታችሁ፣ «እኔ ብሆን ይህን እንዴት እሠራው ነበር?» እያላችሁ አንብቡ።

ለማጣቀሻ አያያዝ ዞቴሮ በቂ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሌላ የለመዳችሁት ካለም ችግር የለም። ዋናው ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ማስገባት ነው። ፕሮግራሙ ከድረ ገጽ የሚስበው መረጃ ግን አንዳንዴ ይሳሳታል፤ የደራሲ ስም ይገለበጣል፣ ዓመት ይጎድላል። ስታስገቡ ወዲያው አርሙት፤ ኋላ ሦስት መቶ ሲሆኑ ማንም አያርማቸውም።

ለእያንዳንዱ ያነበባችሁት ጽሑፍ አምስት መስመር ጻፉ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ በምን መረጃ፣ በምን ዘዴ፣ ምን አገኙ፣ እኔ የማላምነው የቱን ነው። አምስተኛው መስመር ካልመጣ ጽሑፉ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። ቃል በቃል የገለበጣችሁትን ደግሞ ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር አስቀምጡ። ሳያውቁት የሰው ጽሑፍ የሰረቁ ተማሪዎች ብዙዎቹ የተሳሳቱት ሲጽፉ ሳይሆን ማስታወሻ ሲይዙ ነው። ከዓመት በኋላ ያቺ ዓረፍተ ነገር የራሳቸው ትመስላቸዋለች።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጋዦችም አንድ ቃል። የሌለ ጽሑፍ፣ ከሌለ ደራሲ ጋር፣ አሳምረው ፈጥረው ሊሰጡ ይችላሉ። ያልከፈታችሁትንና ያላያችሁትን ጽሑፍ በማጣቀሻ አታስገቡ፤ ፕሮግራማችሁ በዚህ ላይ ያወጣውን ደንብም ቀደም ብላችሁ አንብቡ።

ማንበብ መቼ ይበቃል? አዲስ የምትከፍቱት ጽሑፍ የሚጠቅሳቸውን አብዛኞቹን ስታውቋቸው። ያኔ ጨርሳችሁ ባይሆንም ወደሚቀጥለው ለመሄድ በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ የሳምንት ገጽ

ይህ አጭር ነው፤ ከሁሉም በላይ የምይዘው ግን ይህን ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ፣ በአንድ ቋሚ ሰዓት፣ አንድ ገጽ ጻፉ። ምን አሰብኩ፣ ምን ሠራሁ፣ ምን አልሠራሁም፣ ለምን? ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ አታሳምሩት። ሦስት ሳምንት በተከታታይ «ያልሠራሁት» በሚለው ሥር አንድ ዓይነት ነገር ከተጻፈ ቆማችኋል ማለት ነው፣ ለአማካሪያችሁም የምትነግሩት እሱን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሃምሳ ያህል ገጽ ይኖራችኋል። ግማሹ ከንቱ ነው። ከቀረው ግማሽ የፕሮፖዛሌ ሁለት ክፍሎች ወጥተዋል።

ደረጃ 5፦ ርዕስን ወደ ጥያቄ መቀየር (ከአራተኛው ወር ጀምሮ)

«ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ርዕስ ነው፣ ጥያቄ አይደለም። መልስ የለውም፤ የትኛው ሚዲያ፣ የትኞቹ ተማሪዎች፣ ምን ላይ የሚለው ሁሉ ክፍት ነው። «ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስልክ መጠቀም ያቆሙ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ካላቆሙት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይተኛሉ?» ግን ጥያቄ ነው። ምን መለካት እንዳለበት፣ ማንን ከማን ማነጻጸር እንደሚገባ ከራሱ ከጥያቄው ይታያል። ጠባብ መሆኑ አያሳፍር። ዲሰርቴሽን የሚፈርሰው ጥያቄው ከመጥበቡ ይልቅ ከመስፋቱ የተነሳ ነው።

ጥያቄ አገኘሁ ስትሉ ሦስት ነገር ፈትኑ። መልሱ «አዎ» ቢሆን፣ «አይደለም» ቢሆን፣ ሁለቱም የሚጻፍ ነገር ይሰጣሉ? «አዎ» ሲሆን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዓመታችሁን በዕጣ ላይ አስቀምጣችኋል። ሁለተኛ፣ መረጃው በእጄ ሊገባ ይችላል? «ይሰጡኛል» ሳይሆን የፈቀደው ማን ነው፣ በጽሑፍ ነው ወይ? እኔ በአንድ መዝገብ ላይ ተመሥርቼ አሥራ አምስት ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ነው መዝገቡ ለውጭ ሰው እንደማይከፈት የሰማሁት። ስልክ ደውዬ በአምስት ደቂቃ የማውቀው ነገር ነበር። ሦስተኛ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በትንሹ ሊሞከር ይችላል? አምስት ቃለ መጠይቅ፣ አንድ ትንሽ የመረጃ ቁራጭ፣ አንድ ቀለል ያለ ሞዴል። ሙከራው ሐሳቡን ከገደለው ደስ ይበላችሁ፤ በሁለት ሳምንት የሞተ ሐሳብ በሁለት ዓመት ከሚሞት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ፈቃድና ፋይል (ሙከራው ከመጀመሩ በፊት)

ጥናታችሁ ሰዎችን የሚነካ ከሆነ፣ መጠይቅ ብቻ ቢሆንም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጠይቁ። ፈቃድ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥም፤ ሳይፈቀድ የተሰበሰበ መረጃ ከጥናቱ ውጭ ሊደረግ ይችላል። ከሳምንታት እስከ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቅጹን ቀድማችሁ ጀምሩ። በነገራችን ላይ ቅጹን መሙላት ራሱ ጥሩ ፈተና ነው፤ ማንን፣ ስንት ሰው፣ በምን መንገድ የሚሉትን መሙላት ያቃተው ሰው ንድፉ ገና አልበሰለም።

ፋይልን በተመለከተ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባለውን ደንብ ያዙ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ላፕቶፕ፣ ውጫዊ ዲስክና ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ክላውድ ይበቃል። ስም የተጻፈበት የጥናት መረጃ ከሆነ ግን በፈቃዱ ላይ ከተጠቀሰው ቦታ ውጭ አይቀመጥም። በወር አንዴ ከቅጂው አንድ ፋይል ከፍታችሁ መሥራቱን እዩ። ጥሬውን መረጃ በፍጹም አትንኩ፤ የምታስተካክሉት ቅጂውን ነው። የፋይል ስም በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ይጀምር፤ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች የት እንደሚያደርሱ ሁላችንም እናውቃለን። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ጊትን፣ የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ አሁኑኑ ተማሩ።

እግረ መንገዳችሁን ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ አውጡ። ነፃ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ስማችሁ በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ ካለው አንዱን መርጣችሁ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ በእሱ ጽኑ።

ደረጃ 7፦ ስም በጽሑፍ ላይ

በጋራ የሚሠራ ሥራ ሲመጣ የማን ስም፣ በስንተኛ ቦታ የሚለውን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ልማዱ በየመስኩ ይለያያል። በሒሳብ በአብዛኛው በፊደል ተራ ነው፤ በብዙ የላብ ሳይንሶች የመጀመሪያው ስም የዋና ሠራተኛው፣ የመጨረሻው የላብ ኃላፊው ነው፤ በታሪክና በሥነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አንድ ደራሲ ብቻ ነው። «በእኛ ላብ አሠራሩ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ገና ምንም ሳትጽፉ «ክቡር ተመራማሪ፣ ድንቅ ሥራዎን እንዲልኩልን» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ከአስመሳይ ጆርናል ነው፣ ገንዘብ ተቀብሎ ያለ በቂ ግምገማ ከሚያትም፤ ሰርዙት።

ደረጃ 8፦ ሰው አይጥፋባችሁ

ሦስት አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ የምትጻጻፉበት ወይም አብራችሁ ተቀምጣችሁ የምትጽፉበት ቡድን አቋቁሙ። መስካችሁ አንድ መሆን የለበትም፤ እንዲያውም ባይሆን ይሻላል፣ ውድድሩ ይቀንሳል። ከአማካሪያችሁ ሌላ አንድ መምህርም በሴሚስተር አንዴ አግኙ፤ ኮሚቴ ስትመርጡ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ፣ ወይም ነገር ሲበላሽ የሚያውቃችሁ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።

የማስተማር ሥራ ካላችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ። ማስተማር ወዲያው ምስጋና ያስገኛል፣ ምርምር አያስገኝም፤ ለዚህ ነው ሳይታወቅ ሳምንቱን የሚበላው። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ለሳምንታት ወደ ሥራው መቅረብ ሲያስጠላ ግን የጊዜ አጠቃቀም ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪም ወይም የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት አነጋግሩ። ትምህርት ለጊዜው ማቋረጥ በደረጃ 1 ገጻችሁ ላይ የጻፋችሁት መብት ነው።

ደረጃ 9፦ የዓመቱ ግምገማ

ከግምገማው ስድስት ሳምንት በፊት ረቂቁ ከአማካሪያችሁ እጅ ይግባ። ይዘቱ እንደየፕሮግራሙ ነው፤ በአብዛኛው ግን ጥያቄው፣ የቀደሙ ጥናቶች፣ ዘዴው፣ የትንሿ ሙከራ ውጤትና የቀሪዎቹ ዓመታት የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ የምትገምቱትን ጊዜ በአንድ ተኩል አባዙት፤ ገምጋሚዎች ልምድ አላቸው፣ ሁሉም ነገር በሰዓቱ የሚያልቅበት ሰሌዳ ሲያዩ ይጠራጠራሉ።

ከሳምንት በፊት በቡድናችሁ ፊት ተለማመዱ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ መልስ ያዙ፦ ለምን ይህ ዘዴ፣ ለምን ሌላው አይሆንም? ይህ ቀድሞ አልተሠራም ወይ? መረጃው ባይገኝ ምን ታደርጋላችሁ? የማታውቁት ሲመጣ «ይህን አላየሁትም፣ እመለከተዋለሁ» በሉና ጻፉት። ገምጋሚ የሚጨነቀው የማያውቅ ተማሪ ሲያይ ሳይሆን የማያውቀውን ሲሸፋፍን ሲያይ ነው።

ስትጨርሱ የሰጡትን አስተያየት በዚያው ምሽት፣ ሳይረሳ፣ በሦስት ክፍል ለዩ፦ የምቀበለው፣ የምከራከርበት፣ ያልገባኝ። ያልገባችሁን ለአማካሪያችሁ ላኩና የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን በዚያው ኢሜይል ላይ ጠይቁ።